ዝናብ እየመጣ የተበተነ ማዳበሪያ

እህት ዓለሜ፣ ያረፍኩት አንድ ጉረኛ ባለእርሻ ቤት ነው። ዛሬ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ትራክተሩን አስነስቶ ዩሪያ ማዳበሪያውን እንደ ዶሮ ጥሬ ይበትነው ጀመር። አንቺ ለጓሮሽ በቁንጥር ለክተሽ የምትሰጪውን እሱ በኩንታል ይደፋዋል።

«ዝናብ እኮ ሊመጣ ነው» አልኩት።

«ይምጣ! ያሰርግልኛል» አለኝ ሆዱን እያሻሸ።

ሕፃን የታቀፈችው ልጁ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አዎ፣ ወደ ጉድጓዳችን» አለችው። ከማሳው እየሰረገ የወረደው ማዳበሪያ የውሃ ጉድጓዱን በክሎታል፤ ሐኪሙም የጨቅላው ወተት በዚያ ውሃ እንዳይበጠበጥ ከልክሏል። አባት ሆዬ፣ «ሐኪም ስለ እርሻ ምን ያውቃል!» ብሎ ሳቀ። ከረጠበ ማዳበሪያ የሚወጣው ጋዝ አየሩን እንደሚያሞቀው ሳነሳበትም፣ «ሰማዩን እኔ አላረስኩት» አለኝ። ማሳውን አለምልሞ ጭንቅላቱን ጠፍ መሬት ያደረገ ሰው እንዲህ ነው!

ዝናቡ ሲወርድ ልጅቷ ሕፃኑን አዝላ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ አማቷ ቤት መንገድ ጀመረች።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አላት።

«የሚጠጣ ውሃ ወዳለበት» ብላው እርፍ! ዞራም አላየችው። አሁን ብቻውን ተቀምጦ ጎርፉን ያያል፤ እኔንም አኩርፎኛል።

የፖስታ ካርዷ ሞላችብኝ። እትዬን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ያንን ሰነፍ ባልሽንም ናፍቀኸኛል በዪልኝ።