የተጾመልኝ ሁዳዴ

የካቲት 24 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ አሰላ

ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ያሰጣሁትን ልብስ ሁሉ ከአጥር ላይ ለቀመው። የባሌ የኃይለየሱስ ሸሚዝ ጭቃ ውስጥ ተገኘ። ደግሜ አጠብኩ። ማታ ከቢሮ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ ሲስቅብኝ አመሸ... እሱ ማጠብ ምን እንደሆነ መች ያውቃል።

ልጄ ወይንሸት ጠግባ ተኛች። ገና አራት ወሯ ነው፤ ጥርስ ሳታበቅል በድዷ ነክሳ ትገድለኛለች።

ከአጥሩ ማዶ ያ ሕፃን ያለቅሳል። የጎረቤቴ የፋጡ ልጅ። ወለደችው፣ ደሟ አልቆም አለ፣ ሄደች። አያቱ እማማ ሀሊሜ የላም ወተት በጨርቅ ጫፍ እየነከሩ አፉ ላይ ያደርጉለታል። ይውጣል፣ ያስመልሳል። አባቱ ሁሴኖ ከብት ነጋዴ ነው፤ ሚስቱን ቀብሮ ሜዳ ላይ ጥሎት የመጣውን መንጋ ሊሰበስብ ወደ ኦጎልቾ ወረደ። ምን ያድርግ?

የካቲት 26

ዛሬ የሆነውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ...

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ወይንሸት ተኝታለች። ያ ሕፃን ጀመረ። ማልቀስ እንኳ አይባልም፤ ድምፁ አልቆ ሲጥ ሲጥ ይላል። ደረቴን ሞቀኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀሚሴ ርሷል። ወተቱ በራሱ ጊዜ ወረደ። ማንም ሳይጠባኝ። እኔ «ልሂድ? አልሂድ?» እያልኩ ቆሜ ጡቴ ቀድሞኝ ሄዷል። ቢላዋውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ይሄ ገላ የማን ነው? ማን አዘዘው?

«ተርቤ አብልታችሁኛል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። የማስበው ሁልጊዜ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጡትን ነበር። ቁራሽ መስጠት፣ ማለፍ። ይሄኛው ግን ቁራሽ አይበላም። የሚበላው እኔን ነው።

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ። እማማ ሀሊሜ ቀሚሴን አዩ፣ ገባቸው። ልጁን ግን አልሰጡኝም።

«ባልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ጠይቂው። ካጠባሽው እናቱ ነሽ። በእኛ ይሄ ቀልድ አይደለም። ያንቺ ልጅ እህቱ ናት፤ አድገው አይጋቡም።»

ልጁ በረሃብ ሊሞት ነው፣ እሳቸው ስለ ሠርግ ያወሩኛል። ሳቄ ሊመጣ ነበር... ዐይናቸውን ሳይ ጠፋ። እኔ ምጽዋት ይዤ መጥቼ እሳቸው ዝምድና ይጠይቁኛል።

የካቲት 27

ለኃይለየሱስ ነገርኩት። ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ማሰሩን ተወው።

«ለአንዷስ ይበቃታል?»

«አላውቅም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

የጫማውን ክር አጠበቀ። ከዚያ «ስትወልጂ ውኃ ትቀዳልሽ የነበረችው ፋጡ አይደለችም እንዴ? ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ» ብሎኝ ወጣ። አንዳንዴ ይሄን ሰውዬ እንዴት እንደምወደው ለራሱ አልነግረውም፣ ይኮራብኛል።

ሄድኩ። የሕፃኑ ስም ዲሪባ ነው። መጀመሪያ መጥባት አቅቶት አፉን ከፍቶ ብቻ ያየኛል። ሲይዝ ግን... ያን የሚያህል ጉልበት ከየት አመጣው? እማማ ሀሊሜ ወደ ግድግዳው ዞረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እሱ ብቻ ሥራውን ቀጠለ።

የካቲት 30

ሁዳዴ ገባ። እንግዲህ እንጀራዬ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወጤም ሽሮ።

መጋቢት 3

ከአጥሩ ወዲያ ረመዳን፣ ከአጥሩ ወዲህ ሁዳዴ። ዘንድሮ አንድ ላይ ገጠሙ። በሁለቱ ቤት ጠግቦ የሚውለው ዲሪባ ብቻ ነው።

መጋቢት 9

ወተቴ እያነሰ ነው። ወይንሸት ትስባለች፣ ታለቅሳለች፣ በጥፍሯ ትቧጭረኛለች። እሷን ካስቀደምኩ ለእሱ አይተርፍም። እሱን ካስቀደምኩ የእኔዋ ፊቴን እያየች ታለቅሳለች። ዛሬ ማንን እንዳስቀደምኩ አልጽፍም።

የሰፈራችን ወይዘሮ ተሻለች ወፍጮ ቤት አግኝታኝ «የጾም ወተት ለአንድም አይበቃ፣ የእነሱን ለእነሱ ተዪው» አለችኝ። መተው... በየትኛው እጄ ነው የምተወው? እንደገና የላም ወተት ከጀመሩለት ይሞታል። አይቼዋለሁ እኮ፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ነበር።

መጋቢት 10

ኃይለየሱስ «አባን ጠይቂያቸው» ይለኛል። አባ ገብረ መድህን የንስሐ አባታችን ናቸው። ለእሱ ቀላል ነው። ተሻለች አምና ታምማ «ወተት ልጠጣ ወይ?» ብትላቸው «ውኃ አለ» ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ስለ እስላም ልጅ ጾም ልፍታ ልበላቸው? ምን ቆርጦኝ።

መጋቢት 12

አልጠየቅኳቸውም፤ ራሳቸው መጡ። ቤቱን ጠበል ሊረጩ። ጸሎት ሲያደርሱ ዲሪባ እቅፌ ውስጥ ነበር። የት ልደብቀው? ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፋጡን፣ ጡቴ በራሱ መፍሰሱን፣ አሁን መንጠፉን። ጭንቅላቴን አላነሳሁም።

መቋሚያቸውን ተደገፉ። ቁጣ ጠበቅኩ።

«ሁለተኛው ልጅሽ ስንት ጊዜው ነው?»

«አባቴ፣ እኔ ያለችኝ አንድ ናት...»

«አጠባዋለሁ አላልሽም?»

ዲሪባን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት።

«ከነገ ጀምረሽ ወተት ጠጪ። ቅቤም ብዪ። በጠዋት ብዪ።»

«ጾሙስ?»

«ጾሙ ይጾማል።»

«ማን ይጾመዋል?»

«የራሴ ላይ እደርበዋለሁ። ያንቺ ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። ደግሞ ተደብቀሽ ስትጾሚ እንዳላገኝሽ፤ የሰው ጾም አይሰረቅም።»

ቤቱን ረጩ፣ ወጡ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኒያን ሰውዬ ስፈራቸው የኖርኩት ለካ አላውቃቸውም። ጣራዬ ሥር ምን ገብቶ ወጣ? ፈራሁ... ግን ሁልጊዜ እንደምፈራው አይደለም። ዝም ብሎ መሬት መሳም የሚያሰኝ ፍርሃት ነው።

መጋቢት 13

ወተቱን እማማ ሀሊሜ ከላማቸው አልበው አመጡ። ራሳቸው ጾመኛ ሆነው። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ ጠጣሁ። የመጀመሪያው ጉንጭ አልወርድ አለኝ። «አባ ይዘውልሻል» አልኩ ለራሴ፣ ዋጥኩት።

ስወጣ ተሻለች ደጃፌ ቆማለች። ከንፈሬን አየችው። ጉድ ፈላ። «አባ ፈቅደውልኝ ነው፤ ጾሜን እሳቸው ይዘውልኛል» አልኳት።

መጋቢት 19

ተሻለች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ጠርታ ነገረችኝ። «አንቺ ወተትሽን ጠጪ። አባ ገብረ መድህን ጀምበር ካልጠለቀች እህል አይቀምሱም። ሌላው ካህን ቀድሶ ሲቀማምስ እሳቸው ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሰማይ ያያሉ። ሲመሽም ደረቅ ቂጣ ነው። ሽማግሌ ሰው ልትገድይ ነው።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ አባ ሮጥኩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ይተዉት አባቴ፣ እኔ ልያዘው።»

«ልጁ ይነክስሻል?» አሉኝ።

«ይነክሰኛል።»

«እኔ የምጠብቀው ጀምበር ነው። ጀምበር አትነክስም። ተነሺ፣ ሂጂ አጥቢ።»

ፊታቸው ከስቷል። ዐይናቸው ግን ይስቃል። እንዲህ ያለ ዐይን ሳይ ወንጌሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ላይ ያነበብኩ መሰለኝ። ይሄን ለማን ይነግሩታል? ለዚህ ደብተር።

መጋቢት 22

ለእማማ ሀሊሜ መደበቅ አልቻልኩም። ነገርኳቸው።

«ለእኛ ልጅ?» አሉ። «ቄሱ? ጀምበር እስክትጠልቅ? እንደ እኛ?»

ሁሉንም አዎ አልኩ። ተነሱ። ለማፍጠሪያቸው ያስቀመጡትን ቴምር አወጡና እኩል ከፈሉት። ግማሹን በንጹሕ ጨርቅ ቋጠሩልኝ። «ይሄ ሥጋ አይደለም። ማንም ይበላዋል። ውሰጂላቸው፣ ሀሊሜ ናት የላከችው በዪ።»

እየፈራሁ ወሰድኩ። አልቀበልም ቢሉስ? እኚያን ሴትዮ ምን እላቸዋለሁ? አባ ጨርቁን ፈቱ፣ አዩ፣ ባረኩ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጠበቅን። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያስጮኸዋል። ጀምበሯ ገባች፣ ከታች ሰፈር የአዛን ድምፅ ተሰማ።

«በይ፣ ደረሰልን» አሉና አንዷን ቴምር አፋቸው ውስጥ አደረጉ።

እማማ ሀሊሜም በዚያች ደቂቃ ቤታቸው ሆነው የዚያችኑ ቴምር ግማሽ አፋቸው ውስጥ እያደረጉ ነው። እኔ ጠግቤ መሐላቸው ቆሜያለሁ። እግዚአብሔር ሆይ፣ እኔ ማን ነኝና ይሄን ታሳየኛለህ?

መጋቢት 28

ወተቴ ሞልቷል። ሁለቱንም አጥግቤ ይተርፋል። ዲሪባ ዛሬ ሳቀልኝ። ኃይለየሱስ «የሆድ ነፋስ ነው» ይላል። ምቀኛ።

ሚያዝያ 2

የእነ እማማ ሀሊሜ በዓል። ሁሴኖ ከኦጎልቾ ተመልሷል። ወይንሸትንም ዲሪባንም ታቅፌ ስገባ ሁለቱን አየና የራሱን አላወቀውም። ጥሎት የሄደው ያ ከሲታ ሊሞት የደረሰ ነበር እኮ። «የቱ ነው?» አለ። እናቱ ሲያሳዩት በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ሲቆይ በኦሮምኛ «ገለቶሚ፣ እህቴ» ብሎ አመሰገነኝ።

አባን አሰብኩ። ረመዳን ወጣ፣ የእሳቸው ገና ነው። ከዛሬ ወዲያ ጀምበሯን የሚጠብቁት ብቻቸውን ነው።

ሚያዝያ 17

አባ ቅዳሴ ላይ ተንገዳገዱ። ዲያቆኑ ደግፎ ያዛቸው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሚያዝያ 25፣ ፋሲካ

ሰው ሁሉ ሲፈታ እኔ ብቻ ሆዴ ባባ። ዶሮው ቀርቧል፣ ኃይለየሱስ ያጎርሰኛል፣ እኔ አልበላም። ምኑን ልፍታው? ምን ይዤ ነበርና?

ረፋድ ላይ አባ ገብረ መድህን መጡ። ነጠላው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ዳቦውን ባርከው ተቀመጡ። የሆዴን አወጣሁላቸው። «አባቴ፣ እኔ ዛሬ በዓል የለኝም። ያልጾመ ሰው ምን ይፈታል?»

መልስ ሳይሰጡኝ እማማ ሀሊሜ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉን ዲሪባን ታቅፈው ገቡ። ካህን ተቀምጦ ሲያዩ ሊመለሱ አሉ። አባ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪልኝ እስቲ።»

ሰጧቸው። እጃቸው መስቀላቸውን ሊያወጣ ወደ ደረታቸው ሄደ፣ እማማ ሀሊሜን አዩና መለሱት። በባዶ እጃቸው ራሱን ዳበሱት። ብብቱን ይዘው ወደ ላይ አነሱት። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ልጁ ወፍሯል፣ እሳቸው ደክመዋል።

«ተናኘወርቅ፣ ምን ይፈታል አልሽኝ? ይኸው ጾማችን። እይው፣ ከበደኝ።»

እማማ ሀሊሜ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀስ ብለው «የእኔም አለበት፣ አባ» አሉ።

አባ ሳቁ። ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ከልባቸው። «አለበት እንጂ። ነይ ቁጭ በይ፣ ብቻዬን አልችለውም።» ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። እማማ ሀሊሜ ተቀመጡ። ኃይለየሱስ ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ዳቦ ቆረሰላቸው።

ዲሪባ ግን ሁለቱ እየተቀባበሉት አልረካም። አንገቱን ወደ እኔ ጠምዝዞ አፉን ከፈተ።

«እንኪ» አሉኝ አባ፣ «ራበው።»

ተቀበልኳቸው። ጓዳ አልገባሁም። እዚያው ሁሉም ፊት ተቀምጬ አጠባሁት፣ ከዚያ በኋላ ዶሮውን በላሁ።