በሰዓቷ ለተመለሰችው ግራጫ መኪና ባለቤት

ለተከበሩ የመኪና አከራይ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። የመኪኖችዎን ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ እነሱን በየማለዳው ዞሮ የሚያያቸው፣ ትንሽ ጭረት ቢያገኝ የሚደነግጥላቸው ሰው እንደማያጡ አውቃለሁ።

ስሜ ኢዮላንዳ ይባላል። ከብራጋንሳ ከተማ በላይ ካሉት የፖርቱጋል መንደሮች በአንዱ ከእናቴ ከሴሌሽት ጋር እኖራለሁ። ትምህርት እምብዛም አልሆነልኝም፤ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት እሠራለሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ሲያየኝ አንገቴን ስለምደፋ፣ ልነግርዎ የፈለግሁትን በአውራጃችን ጋዜጣ ልጽፍልዎ መረጥኩ። ጋዜጣውን እዚህ የማያነበው ሰው የለም፤ ሲያነቡት ግን እኔ አጠገባቸው አልኖርም፣ ለእኔ ያ ይበቃኛል።

አባቴ አዴሊኖ እኔ ገና ሳልራመድ ሉክሰምበርግ ሄዶ በሰው መታጠቢያ ቤቶች ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ግን በቃኝ፣ በነሐሴ ጠቅልዬ እገባለሁ ብሎ ነገረን። እናቴ በዚያው ሳምንት መኝታ ቤቱን ኖራ ቀባች። የራሱ አሮጌ የዕቃ መኪና ከመምጫው በፊት ሞተሯ ስለተቃጠለ፣ መሣሪያውን፣ ብርድ ልብሱንና ቴሌቪዥኑን የሚጭንበት መኪና ሊከራይ ወደ እናንተ መጣ። አቤቱታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እንደ አለማወቄ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዋጋው። ኪራዩ ራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን አባቴ መኪናዋን እዚያ ተረክቦ እዚህ ለማስረከብ ከፈለገ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ጨምሮ እንደሚከፍል ነገራችሁት። ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ ሠራተኛዎ በትሕትና፣ መኪናዋ የሉክሰምበርግ ታርጋ ያላት ስለሆነች የግድ ወደ አገሯ መመለስ እንዳለባት፣ ለሚመልሳት ሹፌርም ደመወዝና ነዳጅ እንደሚያስፈልግ አስረዳው። ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን። ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን በአውሮፓ ድንበር የሚባል ነገር ቀርቷል ስትለን አምኛት ነበር፤ ለካ የቀረው ለሰው ብቻ ኖሯል። ሰው ሄዶ ቢቀር የሚመልሰው የለም። መኪና ግን አገር አላት፤ አገሯ የምትገባበት ገንዘብ አስቀድሞ ይሰበሰብላታል፣ ሹፌርም ይቀጠርላታል። እውነቱን ልንገርዎና፣ ይህን የሰማሁ ዕለት የቀናሁትን ያህል በማንም ላይ ቀንቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ብልሃቱ። በእኛ መንደር አንድን ነገር ሌላው ሰው ከገዛበት ዋጋ አሳንሶ የገዛ ሰው እንደ ሊቅ ይታያል፤ ካፌ ሲገባም ወንበር ይለቀቅለታል። አባቴም መኪናዋን ወስዶ ወደዚያው የሚመልስ ሰው ያ ሁሉ ጭማሪ እንደማይጠየቅ ሲሰማ፣ መሄጃና መመለሻ አድርጎ ተከራያት። ዕቃውን ጭኖ ሊመጣ፣ የነሐሴውን በዓል ከእኛ ጋር ሊያሳልፍ፣ መኪናዋን እዚያ አድርሶ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ በአውቶቡስ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ዕቃውን ጭኖ እንደደረሰ የካፌው ባለቤት ሴንሆር ቤልሚሮ ይህን ሲሰማ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ "እነዚያን ሰዎች አታለልካቸው አይደል፣ አንተ ሌባ" አለው፤ ሌሎቹም ሳቁለት። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። ማታ ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ "መመለሻ ይዞ የመጣ ሰው መጣ አይባልም አዴሊኖ" አለችው። አባቴ ግን ሴት ሂሳብ አያውቅም ብሎ ወደ መኪናዋ ወጣ።

ሦስተኛ፣ ስለ መኪናዋ አኗኗር። እሷን የበለሱ ዛፍ ጥላ ሥር አቆማትና የበሰለ በለስ እንዳይወድቅባት የእናቴን የሰርግ አንሶላ አለበሳት። ማለዳ ፊቱን ሳይታጠብ ይወጣና ዙሪያዋን እየዞረ በጣቱ ይዳስሳት ነበር፤ ጭረት ከተገኘባት ካስያዘው የመያዣ ገንዘብ ይቆረጣል ብላችሁታልና። በዚያው ሳምንት የዳቦ ቤቱ ምድጃ ክንዴን አቃጥሎኝ ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። አባቴ እስኪሄድ ድረስ አላየውም፣ እኔም አላሳየሁትም። አልፈርድበትም፤ እኔን ሲረከብ መያዣ ያስያዘው ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ያደነቅሁት ግን ውላችሁን ነው። መኪናዋ የምትመለስበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ፣ ነዳጇ ሞልቶ፣ አካሏ ሳይጫር እንድትገባ አባቴ ፈርሞላታል፤ ከሰዓቷ ብታልፍ ቅጣት አለው። ክቡር ሆይ፣ ሉክሰምበርግ አባቴን ስትወስደው ማንም አላስፈረማትም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ወገቡ ሳይጎብጥ ይመለስ ያላት የለም። ኖሮ ቢሆን፣ እኔና እናቴ የዘገየበትን ቅጣት ብቻ ተቀብለን ዛሬ እኛም መኪና አከራዮች በሆንን ነበር።

አራተኛው የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ቢሆንም ልጻፈው። በነሐሴው በዓል ውጭ አገር የሚሠሩት የመንደራችን ሰዎች መኪኖቻቸውን ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ይደረድሩና አባ ዤርማኖ ጸበል እየረጩ ይባርኩላቸዋል። እናቴ የተከራዩትን መኪና ማስባረክ ነውር ነው ብትልም፣ አባቴ እስከተከፈለባት ድረስ የእኔ ናት ብሎ ከሰልፉ መሐል አስገባት። አባ ዤርማኖም እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሰላም ወደ ቤቷ እንድትገባ ጸለዩላት። ጸሎቱ መድረሱን ለማረጋገጥ የእርስዎን የመኪና ማቆሚያ ማየት ይበቃል። እናቴም እኔም አብረናት ቆመን ነበር፤ ለእኛ ግን ጸበሉ አልደረሰንም።

የሄደ ዕለት እናቴ ከበር አልወጣችም። አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ቁልፉን አስረክቤ መጣሁ" አለኝ፤ ጨው ሊገዛ ሱቅ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር። ቁልፉን በሰዓቱ አስረከበ። እዚያው ሳለ የድሮ አለቃው አገኘውና አንድ ቤት ብቻ አስጨርሰኝ አለው። አባቴም ካስታኛ እስኪጠበስ ብሎ ደወለልን፤ በኅዳር ለቅዱስ ማርቲን በዓል ደጅ ላይ እሳት አንድደን ካስታኛ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ስንጠብስ ማለቱ ነው። ፍሬው ተጠበሰ። ከዚያ እስከ ገና አለ፤ ገናም አለፈ። ይኸው አሁን የአልሞንድ ዛፎቹ አብበዋል። የሴራሚክ መቁረጫው እኔ አልጋ ሥር ነው፤ እዚያ በሰው መሣሪያ ይሠራል። ስንጠይቀው ሁልጊዜ የሚመልስልን አንድ ነገር ነው፤ "እኔማ ዛሬ በመጣሁ፣ ለእናትሽ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቻለሁ፤ እሱ በአውቶቡስ አይጫን፣ ያን የመኪና ዋጋ ደግሞ ማን ይችለዋል?" ይለናል። እናቴ ያን ጊዜ ስልኩን ትሰጠኝና እርስዎን በስምዎ ሳይሆን በሥራዎ እየጠራች ትረግምዎታለች። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከእርስዎ ሌላ የምትረግመው ሰው ስለሌላት ነው።

ጎረቤታችን ቫንያ በዕድሜ እኩያዬ ናት። የእሷ አባት በዚያው ነሐሴ ከፈረንሳይ በገዛ መኪናው ጠቅልሎ ገባ። መኪናው የፖርቱጋል ታርጋ ተለጥፎለት ቤታቸው ደጅ ቆሟል፤ ዶሮዎች ሰፍረውበታል፣ ማንም ጭረት አይፈልግበትም። ቫንያ ግን አባቷ ማታ ሲያንኮራፋ አላስተኛ እንዳላት፣ ከትምህርት ቤት በር ጠብቆ ስለሚወስዳት ጓደኞቿ እንደሚስቁባት እየነገረችኝ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ መጥታ፣ "ታድለሽ፤ ያንቺ አባት ሲቆጣሽ ስልኩን ትዘጊበታለሽ" አለችኝ። ትኩሱን ዳቦ ትቼ የትናንቱን ሰጠኋት። እስካሁን አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ ነው ደፍሬ ወደ ቢሮዎ የደወልኩት። የምለውን አስቀድሜ በዳቦ ከረጢት ላይ ጽፌ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛዎ ኔልሰን ይባላል፤ ሳልጨርስ አላቋረጠኝም፣ ስለዚህ ደመወዙን እንዲጨምሩለት እጠይቃለሁ። እሱ እንዳስረዳኝ፣ የእኛ አገር ታርጋ ያላት መኪና በሰው ተነድታ ሉክሰምበርግ ከቀረች እሷም አገሯ መግባት ስላለባት፣ ወደዚህ ለሚነዳት ሰው በነጻ ለማለት ይቻላል ትሰጣላችሁ። ታዲያ አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ አገሯን ስትናፍቅ፣ ስለምን አታለዋውጧቸውም ብዬ ጠየቅሁት። ይህ ከእሱ ሥልጣን በላይ መሆኑን ነግሮኝ ስልክ ቁጥሬን ያዘ። ጥያቄው ከእሱ ሥልጣን በላይ ከሆነ የእርስዎ ነው ማለት ነውና እነሆ አቅርቤልዎታለሁ።

መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ በየእሑዱ የምጸልየው አዲስ ጸሎት አለኝ። ዋጋችሁ የማያስደነግጠው አንድ ሀብታም ፖርቱጋላዊ መኪናችሁን ተከራይቶ ከዚህ እንዲነሳ፣ ሉክሰምበርግ ደርሶ ቁልፉን እንዲሰጣችሁና እዚያው እንዲቀር እለምናለሁ። ልጅ ይኖረው እንደሆነ አላውቅም። ካለችው ለእሷ አዝናለሁ፤ ጸሎቴን ግን አልተውኩም።

መኪኖችዎን ሁሉ በየአገራቸው፣ በየሰዓታቸው፣ በየጥላቸው ሥር አምላክ እንዲሰበስብልዎ እየተመኘሁ፣ ለአንድ ግራጫ ብረት ያሳዩትን ያንን የአባትነት ስስት በሩቁ እየቀናሁ ከማደንቀው ከእኔ፣ ጥልቅ አክብሮቴን ይቀበሉኝ።

የመኪናዋን አንሶላ ያጠበችው
ኢዮላንዳ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ልልክ ስል ኔልሰን ቃሉን ጠብቆ ደወለልኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚበቃት፣ የእኛ ታርጋ ያላት መኪና ሉክሰምበርግ መድረሷን፣ ቅዳሜ የሚነዳት ሰው ከተገኘም ከነዳጇ በቀር ምንም እንደማይከፈልባት ነገረኝ። ወዲያው ለአባቴ ደወልኩለት። እሱም፣ "ደግ ነው የኔ ልጅ፤ ግን ይቺ የቅዳሜዋ ለሌላ ሰው ትሁን፣ ሌላ አትጠፋም" አለኝ። ስለ ማሽኑም፣ ስለ አለቃውም አላነሳም። ለእናቴ በአፌ መንገር አቅቶኛል፤ እሷም እንደ ሰው ሁሉ ከዚሁ ታነበዋለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እባክዎ ዋጋውን አይቀንሱት፤ ቢችሉ ጨመር ያድርጉበት። ውድ በነበረ ጊዜ አባቴ መምጣት ይፈልግ ነበር።