መሰረዣ የሌለው መሳቢያ፦ የወይዘሮ ሙሉእመቤት መርሻ የሕይወት ታሪክ (1950–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሙሉእመቤት መርሻ ከአባታቸው ከአቶ መርሻ በርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺዓለም ደግፌ ጥቅምት 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአራዳ፣ ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ በሰማንያ ቀናቸው በአራዳ ጊዮርጊስ ክርስትና ተነሡ። አባታቸው በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው በአትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች እየነገዱ ቤት ያቆሙ ሰው ነበሩ። እናታቸው በሰፈሩ ዘንድ በቀልዳቸውም በቁጣቸውም እኩል የሚታወቁ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ሁለቱንም ሳይቀንሱ ወርሰዋል።

ግቢው የሁለት ቤተሰብ ነበር። አንደኛው በር የአቶ መርሻ፣ ሁለተኛው ከወሎ መጥተው በፒያሳ የልብስ ስፌት ሱቅ የከፈቱት የሐጂ የሲንና የባለቤታቸው የወይዘሮ ዐፊፋ ነበር። የሐጂ የሲንን ልጅ ኢስሃቅን ሙሉእመቤት በጀርባቸው አዝለው አሳድገዋል። ኢንጂነር ኢስሃቅ ዛሬ ሽበት አውጥተው እንኳ «እትዬ ሙሉ» ከማለት ሌላ ስም አልጠሯቸውም።

በ1957 ዓ.ም. ገደማ በውቤ በረሃ አንድ መጠጥ ቤት ሲዘጋ አቶ መርሻ አሮጌ ፍሪጅ ገዙ። ፍሪጁ በቤታቸው በር አልገባ ስላለ በሁለቱ በሮች መካከል በረንዳው ላይ ቆመ፤ በረንዳ ላይ የቆመ ነገር ደግሞ የሁሉም ነው። ችግሩ የመጣው በዓል ሲደርስ ነበር። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በአንድ ዕቃ አይቀመጥም። መላውን የዘየዱት ወይዘሮ ዐፊፋ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ሣጥን አሠሩ፤ የአንዱ ሲከፈት የሌላው እንደተዘጋ ይቆያል። ደንብም አወጡ፦ «የነካ ይናገር፤ የተናገረ አይመታም።»

ደንቡ ቀድሞ የጠቀመው ሙሉእመቤትን ነው። አንድ ፋሲካ የእናታቸውን ዶሮ ተሳስተው በጎረቤት ሣጥን ጨመሩና እያለቀሱ ሄደው ተናገሩ። ወይዘሮ ዐፊፋም፣ «ሣጥኔ ታጥቦ ይመለስልኝ። ዶሮውን እናንተው ብሉት፤ ግን እየሰማሁ አታጣጥሙ!» ብለው ሸኟቸው።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአራዳ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ አርሲ ዘምተው ፊደል አስቆጥረዋል። ከዚያ ወዲህ ስለነበሩት ጥቂት ዓመታት ሲጠየቁ «እኔ ተርፌአለሁ» ከማለት በቀር አይናገሩም ነበር። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብተው በ1974 ዓ.ም. በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በአንድ የመንግሥት የሕክምና ምርምር ላቦራቶሪ፣ በናሙና ማከማቻ ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም ከዚያ ክፍል አልወጡም።

በ1978 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ከአቶ መብራህቱ ሐድጉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሶፊያ መብራህቱንና ካላዩ መብራህቱን አፍርተዋል። ትዳራቸው የመከባበርና የብዙ ሳቅ ትዳር ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሚስታቸው እራት ጥለው ወደ ላቦራቶሪ ሲሮጡ የሚያዩት መምህር መብራህቱ፣ «እኔ ሁለተኛ ባል ነኝ፤ አንደኛው ፍሪዘሩ ነው» እያሉ ወዳጆቻቸውን ያስቁ ነበር። መምህር መብራህቱ በ2006 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

የወይዘሮ ሙሉእመቤት ሥራ ከሰው የተወሰደ ደም ዛሬም ሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ ሳይበላሽ እንዲመረመር አቀዝቅዞ ማቆየት ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት ገና ወጣት ሳሉ ከክትባት በኋላ ከአራዳ ልጆች የሰበሰቡት ናሙና ነው። የብዙዎቹን ልጆች እናቶች በስም ያውቁ ነበር። ታዲያ እረፍት የሚነሳቸው ሁለት ነገር ነበር። የፍሪዘር በር ሲከፈት በውስጡ ያለው ሁሉ ይሞቃል፤ አንድ ብልቃጥ ለማውጣት ሺህ ብልቃጥ ይነካል። ሞቆ ተመልሶ የቀዘቀዘን ናሙና ደግሞ በዓይን አይቶ ከደኅናው መለየት አይቻልም። ተመራማሪው ሳያውቅ በተበላሸ ደም ላይ ሠርቶ የተሳሳተ ውጤት ያወጣል፤ በዚያ ውጤት የሚታከመው ሌላ ሰው ነው።

ለመጀመሪያው ችግር መልሱን ያገኙት ከበረንዳው ፍሪጅ መሆኑን በሄዱበት ሁሉ ተናግረዋል። በ2003 ዓ.ም. እያንዳንዱ መሳቢያ የራሱ ግድግዳና በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈት የራሱ ክዳን ያለው፣ አንዱ ሲከፈት ሌላውን የማያሞቅ የናሙና ማቆያ ሠሩ። ወይዘሮ ዐፊፋ ይህን ሲሰሙ፣ «የኔ የሥጋ ሣጥን ዩኒቨርሲቲ ገባ በሉኛ!» ብለው ጎረቤት ጠርተዋል።

ለሁለተኛው ችግር በፒያሳ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ወደነበራቸው ወደ ኢንጂነር ኢስሃቅ ሄዱ። ኢንጂነሩ ለእያንዳንዱ መሳቢያ የራሱን ሚሞሪ ሠሩለት። ጥፍር የምታህለው ቺፕ መሳቢያው መቼ እንደተከፈተና ምን ያህል እንደሞቀ ትይዛለች፤ መብራት ቢጠፋም የያዘችውን አትረሳም። መሳቢያው ወደ ሌላ ፍሪዘር ቢዛወር ታሪኩ አብሮት ይሄዳል። የአሠራሩም ጥበብ እዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ አዲስ መረጃ ከቀደመው ጋር በስሌት የተሳሰረ ስለሆነ፣ ከመካከል አንዱ ቢጎድል የቀሩት መጉደሉን ይመሰክራሉ። ፈጠራው በ2011 ዓ.ም. በሁለቱም ስም የፓተንት ምስክር ወረቀት አገኘ። ወይዘሮ ዐፊፋ ይህን አይተው በማግሥቱ ዓመት አርፈዋል።

ከዚህ በኋላ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ መሳቢያው ከሙከራ ወጥቶ በየላቦራቶሪው ሲሠራ ማየት። በ2014 ዓ.ም. የበርካታ ላቦራቶሪዎች የግዢ ኮሚቴ ፈጠራውን መርምሮ ወደደው፤ ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ኃላፊው በፈለገ ጊዜ የተመዘገበውን ምልክት ሳይተው የሚያጠፋበት መሰረዣ ቁልፍ ይጨመርበት አለ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ መሳቢያው ዘወትር ክስ ቢያቀርብ፣ የሚቀጣው በዚያ ቀን ተረኛ የነበረው ምስኪን ሠራተኛ ነው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ግን እምቢ አሉ። ኢንጂነር ኢስሃቅ ለሙከራ በተቀመጠው ፍሪዘር ላይ ቁልፏን ገጥመው ሊያግባቧቸው ሞከሩ።

«እትዬ ሙሉ፣ ትንሽ ቁልፍ ናት እኮ።»

«የማሰሮ ቀዳዳም ትንሽ ናት።»

«ባይቀበሉትስ? ያን ሁሉ ዓመት ለፍተን ወርክሾፕ ውስጥ አቧራ ይጠጣ?»

«አቧራ ጠጥቶ እውነት ይናገር።»

ነገሩ እንዲህ እንደተንጠለጠለ የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ደረሰ። ቀጥሎ ያለው በሕይወት ታሪካቸው እንዳይዘለል ራሳቸው አደራ ብለዋል፤ «ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካነበባችሁ እታዘባችኋለሁ» ነበር ያሉት።

በቅዳሜ ሹር ተረኛዋን ልጅ ለበዓል ወደ ቤቷ ልከው እርሳቸው ከጡረታ በኋላም በአማካሪነት ይሠሩ ስለነበር በላቦራቶሪው ቆዩ። በሙከራው ፍሪዘር የአራዳ ልጆችን ናሙና የያዘውን መሳቢያ ከፍተው ሲያስተካክሉ ሶፊያ ደወለች። «እማዬ፣ በጉ ገመዱን በጥሶ አመለጠ! ወደ ውቤ በረሃ ወጥቷል!» ወይዘሮ ሙሉእመቤት ክዳኑን ገጠም አድርገው፣ መቀርቀሪያውን ሳይቀረቅሩ ሮጡ። በጉ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ተያዘ። የሰፈሩ ሰውም «አራዳ በግ ነው፤ ሳይዝናና አይታረድም» እያለ ሲስቅ ዋለ።

ማክሰኞ ሲመለሱ ክዳኑ ተንሸራቶ፣ በውስጡ የነበረው ሁሉ ቀልጦ ቆያቸው። ሌሎቹ መሳቢያዎች አንድ ዲግሪ እንኳ አልተነቃነቁም። ፈጠራቸው በትክክል ሠርቷል፤ የጠፋው ግን ከሁሉ የሚሳሱለት ነበር። ያ ናሙና ሁለተኛ አይገኝም፤ ልጆቹ አድገው የልጅ ወላጅ ሆነዋል። ኢንጂነር ኢስሃቅ የረመዳን ጾም ላይ ነበሩ። ሲጠሯቸው መጥተው መሳቢያው የመዘገበውን አነበቡ።

«እትዬ፣ ቁልፏ እዚሁ አለች። መልሶ ከቀዘቀዘ አይለይም። ይቺን ፋሲካ ብናነሣት ማን ያውቃል?»

«በጉ ያውቃል።»

«በጉማ ተበልቷል።»

«እንግዲያው እኔ ቀርቻለሁ።»

በዚያው ቀን የሆነውን ሁሉ ጽፈው፣ መሳቢያው የያዘውን ከነሰዓቱ አያይዘው ለላቦራቶሪው ኃላፊና ለኮሚቴው ላኩ። ብልቃጦቹ ለምርምር እንዳይውሉ ሆኑ። ኮሚቴውም ፈጣሪዋ እንኳ ከመሳቢያው ክስ ካላመለጡ ሠራተኛው እንዴት ይተርፋል ብሎ ጉዳዩን ወደ ጎን አቆየው።

በዚህ ምክንያት ሁለቱ የግቢ ልጆች ተኳረፉ። ክረምቱን በሙሉ አልተነጋገሩም። ቢሆንም ለአረፋ ከኢንጂነሩ ቤት ሐልዋ መጣ፤ ለእንቁጣጣሽ ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ቤት ድፎ ዳቦ ሄደ። መልእክተኛዋ ሶፊያ፣ «አፍ ላፍ ብትነጋገሩ እኮ በረንዳውን ከመመላለስ እተርፍ ነበር» ብላ ብትማረር የሰማት አልነበረም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ኢንጂነር ኢስሃቅ ሳይጠሩ መጡ። እጃቸው ላይ አዲስ ቺፕ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «መሰረዝ የለም። መጨመር ግን ይቻላል» አሉ። በአዲሱ አሠራር የተመዘገበ ነገር አይጠፋም፤ ሠራተኛው ግን የሆነበትን ምክንያት በራሱ ቃል ከጎኑ ያስገባል፣ ያም እንዲሁ አይጠፋም። መብራት ከጠፋ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተር ካልተነሣ አልተነሣም ይላል። መሳቢያው ከሳሽ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ምስክር ሆነ። «ይሄማ የእናትህ ደንብ ነው» አሏቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤት። «ታዲያ የማን ልጅ ነኝ?» አሉ ኢንጂነሩ። መሰረዣዋ ቁልፍ በዚያው ቀን ተነቀለች። በአዲሱ ሚሞሪ የመጀመሪያውን ቃል ያስገቡት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሲሆኑ፣ ዛሬም እንዲህ ይነበባል፦ «ሚያዝያ 7። ክዳኑን ሳልቀረቅር የሄድኩት እኔ ነኝ። በግ አምልጦ ነው። ሙሉእመቤት መርሻ።»

ያንኑ ዓመት ግቢው ለልማት ተነሣ፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም በከተማዋ ሁለት ዳርቻ ገቡ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት በዚያው ሰሞን በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ልጆቻቸው በአገር ውስጥ የተቻለውን ሕክምና ሁሉ አደረጉላቸው። እጥበት ላይ ተኝተውም ቢሆን የሚጠይቋቸው ስለ ራሳቸው አልነበረም፤ «ኮሚቴው ምን አለ?» ነበር።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ኢስሃቅ እያለከለኩ ሆስፒታል ደረሱ።

«እትዬ፣ ተቀበሉት!»

«በቁልፍ ወይስ ያለ ቁልፍ?»

«ያለ ቁልፍ። ምክንያት መጨመሪያውን አይተው ነው።»

«ማስረጃ አምጣ።»

ኢንጂነሩ ደብዳቤውን በስልካቸው አሳዩአቸው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት መነጽራቸውን አስመጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ «ሁለተኛው ገጽ ላይ የአባትህን ስም አሳስተዋል። ይታረም በላቸው፤ የተሳሳተውም አይጥፋ፣ ከጎኑ ይቀመጥ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ኢንጂነር ኢስሃቅም አብረው አለቀሱ። ነርሷ ክፉ ወሬ የመጣ መስሏት ሮጣ ገብታ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መሳቢያዎች በጥቅምት ወር በሦስት ላቦራቶሪዎች ሥራ ጀመሩ። ካላዩ ፎቶግራፉን ሲያሳያቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤት ቀና ብለው የተመለከቱት መቀርቀሪያዎቹን ነበር፤ ሁሉም ተቀርቅረዋል።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት መርሻ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ልጆቻቸውና ኢንጂነር ኢስሃቅ አጠገባቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አይተዋል። ሁለት ወንድሞቻቸው፣ በዕድሜ ልክ ወንድምነት የኖሩት ኢንጂነር ኢስሃቅ የሲንና ቤተሰባቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከያለበት ተሰባስቦ ዛሬ ድንኳኑን የተከለው የቀድሞ ሰፈራቸው እድር፣ ደማቸውን በአደራ ያቆዩላቸው የዛሬዎቹ አባወራዎችና እማወራዎች ሁሉ በኀዘናቸው ላይ ተገኝተዋል።

በሕመማቸው ጊዜ ያስታመማችሁ፣ በዚህ ሰዓትም ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ከቤተሰቡ ጋር የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልን። የእህታችንንና የእናታችንን የድካም ፍሬ አምላክ ሳያጎድል ይቀበልላቸው። እርሳቸው ከራሳቸው ላይ አንዲት ቀን እንኳ ሊሰርዙ አልወደዱም፤ በደላቸውን መደምሰስ የሚችለው እርሱ ብቻ በምሕረቱ ይደምስስላቸው። አሜን።