ስለ ልጅ ልጄ የቀኝ እጅ ፊርማ

ይድረስ ለተከበሩ የጦር ጉዳተኞች የሥራ ምደባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁንልኝ እያልኩ፣ እኔ ሽማግሌው ወልደመስቀል ከተበላ ከተማ ሆኜ፣ በሁለት ክራንችና በአንድ እግር ቆሜ እጅ እነሣለሁ። ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም።

፩ኛ፦ በደርግ ጊዜ ግራ እግሬን አጥቼ ስመለስ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት አለቃ ሥራ ፈትቼ እንዳልቀር አስበው ሽመና እንድማር ላኩኝ። ሸማ የሚሠራው መርገጫው በሁለት እግር እየተረገጠ መሆኑ የታወቀው ሥልጠናው ከተጀመረ በኋላ ነው። ቢሆንም የምስክር ወረቀቱን አልነፈጉኝም፤ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ከቤታችን ያለ እግር ቀጥ ብሎ የቆመ እሱ ብቻ ነው።

፪ኛ፦ መንግሥት ሲለወጥ የተሸነፈ ጦር ወታደር ነህ ተብዬ ከዝርዝር ተሰረዝኩ። ከዓመታት በኋላ መልሰው መዘገቡኝና ለዘበኝነት አጩኝ። ሌባ ቢመጣ ታባርራለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ትንሽ ከጠበቀኝ አዎን ብዬ መለስኩ። ቅንነቴ አልተወደደልኝም።

፫ኛ፦ የልጅ ልጄ ዓምደሚካኤል ከሰሜኑ ጦርነት ቀኝ እጁን ጥሎ መጣ። ዘንድሮ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሊገባ ሲል እዚሁ ተበላ ለመጋዘን ሠራተኛነት ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ውል ሊፈርም ሶዶ ሲሄድ፣ ፊርማው ለውትድርና ሲመለመል ከፈረመው ጋር አይመሳሰልም ተባለ። ባዶ እጅጌውን አሳየ። ፋይል ያዥዋ ወይዘሮ ዓመለወርቅ አዝነውለት ውኃ አቀረቡለት፤ ከዚያም «ልጄ፣ መመሪያው የድሮውን ፊርማ ነው የሚለው» አሉት። አሻራ ልስጥ ቢል የቀኝ አውራ ጣቱን ጠየቁት። አምስት ጊዜ በሚኒባስ ተመላልሷል፤ ቀነ ገደቡ ግን ይህ ዓርብ ነው። እጁ የተቀበረበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ካለዎት፣ እባክዎ ፋይሉን ወደዚያ ይላኩልን።

ክቡር ሆይ፣ ለራሴ የምጠይቀው የለኝም። እሱ ግን ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን በረንዳ ላይ ከጎኔ መዋል ጀምሯል፤ ወንበሩን ወደ እኔ ባስጠጋ ቁጥር እፈራለሁ።

በአንድ እግሬ የቻልኩትን ያህል ዝቅ ብዬ፣ ከመቀመጫዎ እንዳላስነሣዎ እየተጠነቀቅሁ፣

ሁልጊዜም ተራ ጠባቂዎ
ወልደመስቀል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ዓምደሚካኤል ከሶዶ ተመለሰ። ቦታውን በገዛ ፈቃዱ መተዉን የሚገልጽ ቅጽ አቅርበውለት በግራ እጁ ፈርሟል። ፊርማውን ከምንም ጋር ሳታመሳክሩ ወዲያው ስለተቀበላችሁት፣ ስለ ፈጣን አገልግሎታችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል።