ምላሳቸውን ስላወጡ ሰባት ነዋሪዎች ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር የቀረበ ምስጋና

መቱ
ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ኩመራ፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ባለፈው ስብሰባ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ያለ አንድ ጉንጭ ውሃ ያገለገለን ጉሮሮዎ፣ ደኅና እንደሚሆን ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎም እንዲሁ። እኛ ጥበቃዎ ስላልተጓደለብን ደኅና ነን።

በኅዳር ወር በተሰጠኝ ውሳኔ መሠረት ግለ ሂሴን ጽፌ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ ታዝዣለሁ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልሆነልኝም። ራሴን ልወቅስ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የእርስዎ ውለታ ነው። ስለዚህ በግለ ሂሱ ፈንታ ይህን ምስጋና እንድለጥፍ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፈቃዱ እስኪመጣ መጠበቅ ጨዋነት መሆኑን ባውቅም፣ ጉዳዩ ከሐሙስ የሚያልፍ ዕድሜ ስለሌለው አስቀድሜ ለጥፌዋለሁ።

ሰሌዳውን የሚያነብ እንግዳ እንዳይቸገር ከመነሻው ላስረዳ። እኔ በዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ዱሬቲ ኩማ የኡካ ተወላጅ ናት፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ በገበያ ማር ከሚሸጡት እናቷ ከእትዬ ተጂቱ ጋር በቀበሌያችን ትኖራለች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ለስልክ ኦፕሬተርነት ሠልጣኞች የተሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ከከተማችን ተፈታኞች ሁሉ በልጣ አለፈች። የቀረው ኅዳር ፳፪ ቀን ጅማ ላይ የሚሰጠው የቃል ፈተና ነበር። ፈታኙ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በስልክ ይጠይቃል፤ ተፈታኟም በስልክ ትመልሳለች። ፊት አይታይም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ዱሬቲ መጽሐፍ ላይ አይታ የማታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ጥቂት ነው። አፏን ስትከፍት ግን የሚረዳት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም የተረዳኋት ስሕተቱን ያስተማርኳት እኔው ስለሆንኩ ነው። የእኔን አነጋገር ያረምኩት በስተርጅና፣ የምላስና የጥርስ ሥዕል ካለበት አንድ የተገነጣጠለ መጽሐፍ ላይ ነው። ያረምኩትን ደግሞ ለእሷና ለስድስት ሌሎች ነዋሪዎች ላካፍል ተነሣሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናው እመለሳለሁ።

፩. ስለ አዳራሹ እጅግ አመሰግናለሁ። ቤቴ ለሰባት ተማሪዎች ቢበቃም ያለ ፈቃድ መሰብሰብን የከለከለው ሕግ ስላልበቃቸው፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እንድንጠቀም በፊርማዎና በማኅተምዎ ፈቀዱልን። ፈቃዱ ሁለት ግዴታዎች ነበሩበት። ከፊት ለፊት የተሰቀለው የሦስቱ ጢማም የወዛደር መምህራን ሥዕል እንዳይነካ፣ በግድግዳውም ላይ አዲስ ምስማር እንዳይመታ። ሁለቱንም አከበርን። የደረሰብን ሁሉ የደረሰብን ስላከበርናቸው ነው።

እንግሊዞች ምላሳቸውን በላይኛውና በታችኛው ጥርሳቸው መካከል ብቅ አድርገው፣ ትንፋሽ እየለቀቁ የሚያወጡት አንድ ድምፅ አላቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም የለም። እኛ በቦታው «ዘ» ወይም «ሰ» ብለን እናልፋለን፤ ስልክ ላይ ግን አያልፍም። ድምፁን ለመልመድ መስታወት ያስፈልጋል፤ ተማሪው ምላሱን በዓይኑ ካላየ ያወጣ እየመሰለው ውስጥ ያስቀረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ጋሼ ገብረ ማርያም ከሁለቱ የእጅ መስታወቶቻቸው አንዱን አዋሱን። መስቀያ የሚሆነው ነባር ምስማር ግን ከሥዕሉ ሥር ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ይቀርባሉ፤ መስታወቱ ከፍ ያለ በመሆኑ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ምላሳቸውን ያወጣሉ፤ ትንፋሻቸውን ይለቃሉ፤ ለተከታዩ ቦታ ይሰጣሉ።

፪. የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን ንቃት ሳላመሰግን አላልፍም። ኅዳር ፰ ቀን ጓድ ኢቲቻ በኋላው መስኮት ተመለከተን። መዳፍ የምታክለው መስታወት በተማሪው ራስ ተጋርዳ ነበርና ያላየው እሷን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ አይቷል። በኦሮምኛ «አረባ ባሰን!»፣ ምላስ አወጡ፣ እያለ ወደ ቢሮዎ መሮጡን፣ እዚያም ደርሶ «ሰባቱም ለሦስቱ ጢማሞች ምላሳቸውን አወጡባቸው፤ ያውም በሰልፍ!» ብሎ ማስረዳቱን በኋላ ሰምተናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስድስት ጠመንጃ አዳራሹ ገባ።

በዚያን ጊዜ በተማሪዎቹ እጅ ሰባት ቁራጭ ወረቀቶች ተገኙ። እነዚህም ለትምህርቱ ነበሩ። እኛ «ፖስታ» ለማለት «ቦስታ»፣ «ፖሊስ» ለማለት «ቦሊስ» የምንል ሰዎች ነን፤ ቁራጭ ወረቀት ከከንፈር ፊት ሲያዝ ግን «ፕ» ያንቀጠቅጠዋል፣ «ብ» አይነካውም። ወረቀቶቹ ምንም አልተጻፈባቸውም። ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ከተጻፈበት ይልቅ አጠራጣሪ መሆኑን ከእርስዎ ተምሬአለሁ። በሎሚ ውሃ ተጽፎባቸው ይሆናል ተብሎ በከሰል ካውያ ተተኰሱ። ስድስቱ ምንም አላወጡም፤ ሰባተኛው ተቃጠለ። በቃለ ጉባኤው ላይ «አንደኛው ማስረጃ ራሱን አጥፍቷል» ተብሎ መጻፉን በአክብሮት አንብቤአለሁ።

፫. በኅብረት ሱቁ መጋዘን፣ በጨው ጆንያዎች መካከል፣ ለዘጠኝ ቀን ስላስተናገዱን አመሰግናለሁ። ለፈተናው የቀሩት ዐሥራ አራት ቀናት ብቻ ስለነበሩ ዱሬቲ ቀኖቹን በየት ላሳልፋቸው ብላ ከመጨነቅ ድናለች። ምርመራውም ትዕግሥት የተሞላበት ነበር። «እንግሊዝ አገር ዘመድ አለሽ?» አሏት። «ከኡካ ወዲያ ዘመድ የለኝም፣ ጓድ» አለች። «ታዲያ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?» አሏት። «ከደወለ ሰው ጋር» አለች። ይህ መልስ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለመመርመር ኮሚቴው ግማሽ ቀን ወስዷል።

እኔንም፣ ድምፁ ምላስ ሳይወጣ፣ በሥነ ሥርዓት አፍ ተዘግቶ ሊባል አይችልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አፍ ተዘግቶ የሚወጣውን ድምፅ ዘጠኙን ቀን በመጋዘኑ ውስጥ ተለማመድነው። በጣም ቀላል ነው፤ መስታወትም አይፈልግም። ዱሬቲ ግን ፊቷን ወደ ጆንያዎቹ አዙራ፣ ጣቷን ከከንፈሯ ፊት አቁማ፣ ምላሷ ጣቷን መንካቱን እያረጋገጠች ያለ ድምፅ ትለማመድ ነበር። ይህን የምገልጸው ምናልባት ማስረጃ ጎድሎብዎ እንደሆነ ብዬ ነው።

፬. ኅዳር ፲፬ ቀን፣ እሑድ፣ ስለተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ አመሰግናለሁ። ሰባቱን ከመድረኩ ፊት አሰልፈው «በሉ አውጡ እስቲ! ሰፊው ሕዝብ ይይላችሁ!» ባሉ ጊዜ ሰባቱም አወጡ። ከኋላ አግዳሚ የተቀመጡት እትዬ ጥሩ «ምነው፣ ልጆቹን አሟቸዋል እንዴ? ታዲያ ለምላስ ሐኪም ይጠራል እንጂ ስብሰባ ምን ይሠራል!» አሉ። ከዚያ በኋላ አዳራሹን የሞላውን ሳቅ ሁላችንም ሰምተናል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «የሕዝቡ ከፍተኛ ቁጣ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ውሳኔውም ወዲያው ተነበበ። ትምህርቱ ይዘጋ፤ መምህሩ ግለ ሂስ ይጻፍ፤ ሰባቱ ከመጋዘን ሲወጡ ያዮ ወርደው ሦስት ሳምንት ቡና በመልቀም ራሳቸውን ያንጹ፤ መስታወቱ ይወረስ። መስታወቱ እስከ ዛሬ ቢሮዎ ነው። ጢምዎ ከኅዳር ወዲህ ይበልጥ ተስተካክሎ ስለምናየው ጋሼ ገብረ ማርያም በሙያቸው ደስ ብሏቸዋል።

፭. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ይለፍ ወረቀቱ ነው። ዱሬቲ ገና በጥቅምት ወር ወደ ጅማ መሄጃ ይለፍ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥታለች። መጀመሪያ ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባለች። ቀጥሎ ቁልፉ ስብሰባ ሄዷል ተባለች። በሦስተኛው «ጅማ ምን ጎደለብሽ?» አሏት። ቡና ልትለቅም ስትላክ ግን ሳትጠይቅ ወረቀት ሰጧት፤ «ይህን የያዘች ጓድ በምርት ዘመቻ ላይ ስለሆነች በየኬላው ትብብር ይደረግላት» የሚል፣ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም ያለበት፣ መድረሻ ቦታ ግን ያልተጻፈበት። ለምና ያጣችውን በቅጣት አገኘችው። ሁለት ቀን ለቀመች። ቅዳሜ ቅርጫቷን ለጓደኛዋ ትታ ወደ በደሌ፣ ከበደሌም ወደ ጅማ ተጓዘች። በየኬላው ትብብር ተደረገላት።

ሰኞ ፈተናው ላይ የቀረበችው እጇ በቡና ጠቁሮ ነው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የስልክ እጀታ ይዛ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረች። ፈታኙ አንድም ጊዜ «አልሰማሁም፣ ድገሚው» አላላትም። ከዚያም ተመልሳ የቀረውን ቡና ለቀመች። ውጤቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲለጠፍ ከሠላሳ አንድ ተፈታኞች ሁለተኛ ሆናለች። አሁን የጎደላት ከቀበሌዋ የሚሰጥ አንድ የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ ነው። እስከ ቅዳሜ ጅማ ካልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ማረጋገጫውን ስትጠይቅዎ «ምላሷን የምትቆጣጠር መሆኗ እስኪጣራ ትጠብቅ» ብለዋታል። እነሆ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። እትዬ ተጂቱም ገበያውን ትተው በየጧቱ ከቢሮዎ ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ አልፈዋቸው ሲገቡ ተነሥተው እጅ እንደሚነሡ ሳያስተውሉ አይቀሩም።

የቀሩት ስድስቱ ታንጸዋል። የጤና ጣቢያ ረዳቷ ትብለጥ ከእነሱ አንዷ ናት፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ለማንበብ ነበር የምትማረው። ዛሬ መንገድ ላይ ሰላም ስላት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትመልስልኛለች። እኔም ክፍል ውስጥ ያ ድምፅ ያለበት ቃል ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ጽፌው ዝም እላለሁ። ተማሪዎቼ «ዘ» ይላሉ። አላርማቸውም። ለዚህም ዕረፍት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ስምንታችንን የሚያዩ ዓይኖችዎ እንዳይደክሙ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ቁልፉም ከሄደበት ስብሰባ በሰላም እንዲመለስ እየተመኘሁ፣ እርስዎ እስከ ፈቀዱልኝ ድረስ አክባሪዎ ነኝ።

ነገራ ወልደ የሱስ
የእንግሊዝኛ መምህር

ማስታወሻ፦ በፈተናው መጨረሻ ላይ ዱሬቲ አነጋገሯን የት እንዳረመች ተጠይቃ፣ «በቀበሌዬ አዳራሽ፣ በሊቀ መንበራችን በጓድ ኩመራ ፈቃድና ክትትል» ብላ መልሳለች። አልዋሸችም፤ ፈቃዱ በማኅተምዎ ነው፣ ክትትሉም በመስኮት ተካሂዷል። ፈታኞቹ ይህን ጽፈው፣ ነዋሪዎችን በቋንቋ ለማነጽ ላሳዩት አርቆ አስተዋይነት እርስዎ እንዲመሰገኑ ለክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ልከዋል፤ ግልባጩ ዛሬ ጧት በትምህርት ቤቱ በኩል ደርሶኛል። ጽሕፈት ቤቱ በመጪው ሳምንት ሊያመሰግንዎ ሲጠራ፣ ያስተማሯት ልጅ የት እንደገባች መጠየቁ አይቀርም። ጠባይዋ ያልተጣራ ነበር ብለው ሊያስረዱ ይችላሉ። የጅማ አውቶቡስ ዓርብ ጧት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ቢሮዎ ሐሙስ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።