ከኋላዋ የተቀመጠችው

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን
ከሥራ መልስ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ

ጥፋተኛው ወንድምሽ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሰው ሁሉ «ነፋሱ ነው»፣ «ዕድል ነው» እያለ ሲያለባብስለት ስለሰነበተ ነው።

ውድ ልጄ፣ አሁን ሰላም ልበልሽ። ደህና ነሽ ወይ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፣ ታምሜያለሁ ብል ደግሞ ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም። ልጅሽ ክንዷ በጀሶ ታስሮ እዚሁ አጠገቤ ጋደም ብላለች። አትደንግጪ። ሐኪሙ አጥንቱ ይገጥማል ብሏል። ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፣ ትበላለች፣ ታኮርፋለች። ካኮረፈች ደህና ናት ማለት ነው።

እስከ ዛሬ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ የሆቴሉ ጸሐፊ እንደነበረች ታውቂያለሽ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን እኔ ስራገም እሷ «በጣም ናፍቀሽናል» ብላ ነበር የምትጽፈው። ይሄኛው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድም የተዘለለ ነገር የለበትም።

ወንድምሽ በስልክ ያለሽን ሰምቻለሁ። «እናታችን ከውሃ ሞተሩ ላይ ወደቀች፣ ልጅቷም ትንሽ ተጋጨች» ብሎሻል። እኔ አልወደቅኩም። ሞተሩ ላይም አልነበርኩም። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ወንድምሽ ሐይቁ ዳር እነዚያን እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጠው ውሃ ላይ የሚጋልቧቸውን ሞተሮች እያከራየ ራሱን «ካፒቴን» ብሎ መሾሙን ታውቂያለሽ። ያልነገረሽ ካፒቴኑ መንጃ ፈቃዱን መነጠቁን ነው። አምና ለዋናተኞች በገመድ ከተከለለው ውሃ ውስጥ እየጋለበ ገብቶ ተቀማ። ማከራየቱን አልከለከሉትም፤ እሱ ግን መንዳት አይችልም። ተከራይ መሐል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ሲጠፋበት ሄዶ የሚጎትት ሰው አስፈለገው። ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፤ ልጅሽን አገኘ።

እሷ ደግሞ የሞተሩን እጀታ ስትይዝ ሌላ ሰው ናት። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳትሰብር ውሃ የማታቀርብ ልጅ፣ እዚያ ላይ ስትወጣ ወገቧ ቀጥ፣ ዓይኗ ረጋ ይላል። ብታያት «ይቺ የኔ ናት?» ትያለሽ።

አንድ ቀን የሐይቁ ተቆጣጣሪ አስቆመቻት። ፊሽካ ከአፏ ስለማይወርድ ሰው ሁሉ «ፊሽካ» ነው የሚላት።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት ልገባ ነው።»

«ልትገቢ ነው ማለት አልገባሽም ማለት ነው። ውረጂ።»

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይነዳም። መንጃ ፈቃድ ያለው አዋቂ ከኋላው ከተቀመጠ ግን ይችላል። አሥራ ስድስት ሲሞላው ተፈትኖ የራሱን ፈቃድ ያወጣል።

ወንድምሽ ይሄንን ሲሰማ ማታውኑ እኔ ጋ መጣ። «እናቴ፣ አንቺ ፈቃድ አውጪና ከኋላዋ ተቀመጪ። መቀመጥ ብቻ እኮ ነው።»

«መቀመጥ ብቻ ከሆነ ጆንያ አስቀምጥ» አልኩት። ለካ ምክር መስጠቴ ኖሯል።

በእሱ ልመና እሺ አላልኩም። ልጅሽ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ነው። የመንጃ ፈቃዱን የደንብ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ እሱ ሆነ። ማን ለማን ቅድሚያ ይሰጣል፣ ከዋናተኛ ምን ያህል ይራቃል፣ ፀሐይ ከጠለቀች መንዳት ክልክል ነው። ስጨርሰው አዘንኩ፤ ሁለተኛ ክፍል ያለው መስሎኝ ነበር።

መንዳቱን ያስተማረችኝ ልጅሽ ናት። ስጮህ ትስቅብኛለች፣ ስትስቅብኝ እሰድባታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ነገረችኝ፦ «እማማ፣ የፈለገ ብትፈሪ ነዳጁን እንዳትለቂ። ነዳጅ ካልሰጠሽው አይታጠፍም። ሰው ሲፈራ ይለቅና ቀጥ ብሎ ሄዶ ይላተማል።» ፈተናው ላይም የመጣው ይሄው ነው። ፈታኙ መጀመሪያ «እማማ፣ የልጅ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ራሴን ነው» አልኩት። ሳልፍ ደግሞ «ፈቃዱን ለምን ፈለጉት?» አለኝ። «ለመቀመጥ» አልኩት። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ይስቃል።

እንዲያ ሆነን ከረምን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ወገቧን ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይቺ ልጅ ፊት ለፊት ካየሻት «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። ጀርባዋን ስትሰጥሽ ግን ታወራለች። ስለ አስተማሪዋ፣ ስለተጣላቻት ጓደኛዋ፣ ስላንቺ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ እመክራለሁ፣ እቆጣለሁ፣ «እንዲህ አትያትም ነበር?» እላለሁ።

ከዚያ ሆቴሉ በእንግዳ ሞላና እኔ ከልብስ ማጠቢያው መውጣት አቃተኝ። ወንድምሽን «እኔ በሌለሁበት ቀን ልጅቷ ውሃ አትነካም» አልኩት። «እሺ እናቴ» አለኝ። እሺ ሲል ነበር መጠርጠር።

ያደረገውን ስሚ። ከሆቴሉ የተጣሉ ፎጣዎችን ሰብስቦ አሮጌ ቀሚሴን ሞላው። የኔን ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሰው፣ ለጭንቅላት ኳስ አደረገ፣ ሰማያዊ ሻርፔን አሰረበትና ከልጅሽ ኋላ አስቀመጠው። ከዳር ለሚያይ እኔው ነኝ። እንዲያውም አንድ ቀን ፊሽካ መንገድ ላይ አግኝታ «እትዬ፣ ትናንት ሰላም ብዬዎት ዝም አሉኝ። ኮሩብኝ» አለችኝ። ፀሐዩ ናላዋን ያዞረው መስሎኝ አለፍኩ።

ባለፈው ሰኞ ነፋስ ነበር። ባልና ሚስት የተከራዩት ሞተር መሐል ላይ ጠፍቶባቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ወንድምሽ ልጅሽን ከነፎጣዋ ላካት።

እኔ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለ ጀልባ ጠጋኙ ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ርሶ እየሮጠ ገባ።

«እትዬ ሰጠሙ! ኧረ ድረሱ፣ እትዬ ሰጠሙ!»

ሠራተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «የቷ እትዬ?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎታ!» ብሎ አየኝ። «በዓይኔ በብረቱ ነው ሲወድቁ ያየሁዎት።»

አንዷ ልጅ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን አልሳቅኩም። እኔ እዚህ ከቆምኩ ከልጅቷ ኋላ ያለው ማነው? አንሶላውን ጥዬ ሮጥኩ። እነዚህ እግሮቼ መሮጥ ይችላሉ ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ዳር ስደርስ ሰዎች እኔን ከውሃ ጎትተው አውጥተውኛል። ቀሚሴ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ፎጣው በደረቴ ወጥቶ ተዘርሬያለሁ። አንዱ ጎበዝ ደረቴን ሊጫን ተንበርክኮ ኳሷን አቅፎ ግራ ገብቶታል። ሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ነበር። ልጅሽ ግን ዳር ያለው የድንጋይ ግድብ ላይ ክንዷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሞተሩ ከድንጋዩ ጋር ተላትሞ አፍንጫው ተሰንጥቋል። አታለቅስም ነበር። እኔን ስታይ አለቀሰች።

ወንድምሽ ጆሮዬ ሥር መጣ። «እናቴ፣ በሞትኩት፣ ቀሚስሽን ትንሽ ውሃ አስነኪና ከኋላዋ ነበርኩ በይልኝ። ቦታዬን ይዘጉብኛል።»

«ልጅቷ ተሰብራለች» አልኩት።

«እሱማ ይድናል!» አለኝ። እሱማ ይድናል!

ፊሽካ መጣች። ያን ቀን እንኳ ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታለች። «እትዬ፣ ከኋላዋ ነበሩ?» ስትለኝ «ማንም አልነበረም» አልኳት። ቦታው ታሸገ። አሁን ወንድምሽ «እናቴ ሸጠችኝ» እያለ ከተማውን ይዞራል። ይዙር። እግሩን ያፍታታዋል።

ፊሽካ በማግስቱ ቤት ድረስ መጥታ ልጅሽን ጠየቀቻት። እንዳሰብኳት አይደለችም፣ ሆደ ቡቡ ናት። «አዋቂው ባጠፋው አንቺን አንቀጣም። መስከረም ላይ አሥራ ስድስት ሲሞላሽ ትፈተኛለሽ» አለቻት። ልጅሽ ፊቷ በራ። ፊሽካ ቀጠለች፦ «ለፈተናው ግን ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ አብሮ ይቀርባል።»

«አያት አትሆንም?» አልኳት።

«አያት ደንቡ ውስጥ የለችም፣ እትዬ። አሳዳጊ መሆንዎ በሕግ ካልተጻፈ አልችልም።»

«እማዬ ትመጣለች» አለች ልጅሽ። «በስልክ ነግራኛለች።» ፊሽካ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

እሷ ከሄደች በኋላ ልጅሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጀርባዋን ሰጠችኝ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠበቅኩ።

«እማማ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ነዳጅ አትልቀቂ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ምን ነክቶሽ ለቀቅሽ?»

«ስትንሸራተት ልይዛት ነው» አለችኝ።

«ፎጣዋን?»

«ስትርስ ከበደችና ወደ ጎን ሄደች። የምትወድቅ መሰለኝ። ሁለቱንም እጄን ለቅቄ ያዝኳት።»

«የፎጣ ክምር መሆኑን እያወቅሽ? እኔ መሰልኩሽ እንዴ?»

«አንቺማ አይደለችም» አለች። «አጎቴ ነው አያትሽ ናት የሚለው። እኔ እማዬ ነበር የምላት። አንቺ ለሁሉም ነገር መልስ አለሽ፣ ደግሞ ትቆጪኛለሽ። እሷ ስነግራት ዝም ብላ ትሰማኛለች።»

ልጄ፣ ይሄንን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

እዚያ ያለውን ኑሮሽን አላውቀውም ብለሽ አታስቢ። በሰው ቤት ስታገለግይ ቀንሽ የራስሽ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያጠብኩት የሰው አንሶላ ነው። ስንደዋወል ከኋላሽ የሚያለቅሰውን ሕፃን የጎረቤት ነው ብለሽኛል። ባለፈው ስታባብይው ሰማሁሽ። ያቺን እንጉርጉሮ ልጅሽን ስታስተኚ የፈጠርሻት ነበረች፤ ጎረቤትሽ ከየት ተማረቻት ልበል? አልጠየቅኩሽም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። ሕፃኑ ምንም አላጠፋም። ሆዱን አሙቂለት፣ እግሩን አታጥብቂበት፣ በኔ ስም ግንባሩን ሳሚው።

ይቺን ልጅ ግን ከሁለት አንዱን አትከልክያት። ወይ ለመስከረም መጥተሽ አብረሻት ቁሚ፤ ወይ ደግሞ አሳዳጊዋ እኔ መሆኔን በሕግ አስጽፈሽ ላኪልኝና እኔ እቆማለሁ። የትኛውን እንደመረጥሽ አንቺው ለራሷ ንገሪያት። ስልኩን እሰጣትና ከክፍሉ እወጣለሁ፤ እንደ ፎጣዋ ዝም ብለሽ ስሚያት፣ ከዚያ እውነቱን ንገሪያት። ታለቅሳለች። አልቅሳ ትነሳለች፤ ያንቺ ልጅ ናት።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። እንጀራሽን ከሰው ፊት አያድርገው። የሚያሳድሩሽ ሰዎች እንደ ሰው ይዩሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ እኔም ሳልሞት ዓይንሽን ልየው።

የምትቆጣሽም የምትወድሽም፣
እናትሽ

ልጽፍልሽ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ልጅሽ «እማማ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ዝናቡ ሲያልፍ»፣ «ትምህርት ሲዘጋ» እያልኩ ከእንግዲህ በአንቺ ፈንታ አልመልስላትም።