የቅኝት ዕውቀት ያለው

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሰባት ድምፅ ጠየቅሁት፤ አምስት ነፋ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ አሁንም አምስት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ ፋን ዘለላት። ሶል፣ ላ ብሎ ትራምፔቱን ከከንፈሩ አወረደና «ጨረስኩ ጋሼ» አለኝ።

ደበበ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የአከራዬ የእትዬ ባፈና አንድያ ልጅ ነው። ሳንሱሲ መንገድ ዳር ራዲያተር ይበይዳል፤ ከሥራ መልስ በቀበሌው ኪነት ቡድን ትራምፔት ይጫወታል። ሰው ሲሞትም የእድሩን ጥሩምባ ይዞ ማለዳ ሰፈሩን የሚዞረው እሱ ነው። ኖታ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ ከሰማ ግን ሦስተኛው የራሱ ነው።

ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቷል። ቅዳሜ ይሄዳል።

መውጫው አንድ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ከጦሩ ማርሽ ባንድ አንድ ሃምሳ አለቃ መጥቶ ነፊዎችን ይፈትናል። ያለፈ ለባንዱ ይመደባል፤ የወደቀ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሰሜን ይጫናል። ፈተናው ስኬል፣ ማለትም ሰባቱን ድምፅ በተርታ መንፋት፣ እና የኖታ ንባብ አለው ተብሏል። ይህን የነገረን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ እሱ ከማን እንደሰማ አላውቅም።

የኪነት ቡድኑ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው፤ በቀበሌው ኖታ የማነብ ግን እኔ ብቻ ነኝ። የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ «ትምህርት ቤት» እላለሁ። ውሸት አይደለም። የማስተምርበት መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ ነው። ውስጡ መዝሙር ነው፤ የማን መዝሙር እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

የሦስት ቀን ዕቅድ፦ ዛሬ የድምፆቹ ስም። ነገ ሰባቱን በቅደም ተከተል መንፋት። ረቡዕ ከወረቀት ማንበብ። ጊዜው አይበቃም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ክርክር። ከትምህርቱ ይልቅ ክርክሩ ረዘመ።

«ጋሼ፣ እኔ ትዝታ ስነፋ ፋ ቀረችብን ያለ ሰው አለ?»

«የለም። ሃምሳ አለቃው ግን ይላል።»

«ፋን እኮ አውቃታለሁ። ባቲ ስነፋ ትመጣለች፤ ሲም ትመጣለች። እዚህ ግን ማን ጠራቸው? ሰባቱ በአንድ ቤት አይኖሩም!»

ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። ጣቶቹ ድምፆቹን ሁሉ ያውቃሉ፤ ፋ በአንደኛው ቁልፍ፣ ሲ በሁለተኛው ብቻ የሚነፉ ስለሆኑ ከብዙዎቹ ይቀላሉ። ችግሩ አለማወቅ አይደለም። የትኛዋ ድምፅ የየትኛው ቤት እንደሆነች ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው የማይቀላቅላቸው። እኔ ንድፈ ሐሳብ የለውም ስል የነበረው ሰው የራሱ ንድፈ ሐሳብ አለው፤ ስሙም ቅኝት ነው። ሆኖም ይህ ዕውቀት ሐሙስ ዕለት ዋጋ ይኑረው አይኑረው እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ አላመሰገንኩትም። «ድገም» አልኩት።

ደገመ። ፋ ገባች። ሲ ቀረች።

«ሲ የኔ ጥፋት አይደለችም» አለኝ፤ «ከቀበሌ ሱቅ አልደረሰችንም።»

ሳቅሁ። ወዲያው በሩን ተመለከትኩ። ክፍት ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከሃያ ሙከራ ፋን አሥራ ስምንት ጊዜ አስታወሳት፤ ሲን አራት ጊዜ ብቻ። ላ ላይ ሲደርስ ቤቱ የደረሰ ይመስለዋል፤ ይቆማል። «ሲ!» ስለው ይደነግጣል። ወረቀት ማንበቡ ገና ነው፤ መስመሮቹን ከታች ወደ ላይ በጣቱ ይቆጥራል።

እትዬ ባፈና ቆሎ ይዛልን ገባች። ወረቀቱን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ይኼ የቁንጫ ሰልፍ ነው ልጄን የሚያተርፈው መምህር?»

«ሊረዳው ይችላል።»

«ይችላል ነው ወይስ ይረዳዋል?»

የማላውቀውን ነገር አዎ ማለት አልለመድኩም። ደበበ ግን «እማ፣ ካነበብኩት ያተርፈኛል፤ ካላነበብኩት ደግሞ ቁንጫው ይተርፋል» አላት። በያዘችው ሳህን ልትመታው ቃጣች።

ሌላ ነገር፦ ከግንባር የሚመጣ መርዶ በጥሩምባ እንዳይለፈፍ ከቀበሌው በቃል ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ የደበበ የእድር ሥራ በጣም ቀንሷል። የቀነሰው ሥራው ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አለፈ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሃምሳ አለቃው የፊት ጥርሱ ወልቆ መንፋት የተወ ሽማግሌ ነው። በቀበሌው አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «ስኬል» አለ። ደበበ ጀመረ። ፋን ነፋት። ላ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫነና ሲን አወጣት፤ ቀጥን ብላ፣ ግን ወጣች።

ሃምሳ አለቃው ራሱን አልነቀነቀም። የንባቡን ወረቀት ሊሰጠው ዘርግቶ መልሶ አጠፈው። «አሁን የራስህን ንፋ» አለው።

ደበበ ትዝታን ቃኘ። ዘፈን አልነበረም፤ በአምስቱ ድምፅ መካከል መመላለስ ብቻ ነበር። በር ላይ ቆሞ የነበረው ጥበቃ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ።

«ይበቃል። ኖታውን እኛው በሦስት ወር እንግተዋለን። ጆሮ ግን የምናድልበት መጋዘን የለንም።» ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ ጥሩምባ ነፊ ነው ብለው ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ይምጣ፤ መዳቢዎቹ የሚያዩት ወረቀቱን ብቻ ነው።»

አስፋልቱ ዳር ፌርማታው ጋ ስንደርስ ደበበ ትከሻዬን ያዘኝ። «ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ያን ሁሉ ፍዳ ያበሉኝ ለምን ነበር ጋሼ?»

«ለጥንቃቄ» አልኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ደብዳቤው። ሦስት ጊዜ አረቀቅሁት።

«ጥሩምባ ነፊ» ብሎ መጻፍ አልሆነልኝም። በሰፈራችን ጥሩምባ ነፊ ማለት ለፋፊ ማለት ነው። ደበበ ሲያልፍ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» የሚሉት ሰዎች አሉ። ማክሰኞ ዕለት ያሳየኝን ዕውቀት በዚህ ቃል ማሳነስ ፍትሐዊ ሆኖ አልታየኝም። ስለዚህ ዕውቀቱን በስሙ ልጠራው ወሰንኩ። በመጀመሪያው ረቂቅ «በሙዚቃ ቅኝት ረገድ» ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው «በሙዚቃ» የሚለውን ሰረዝኩ። የኪነት ሰው ቅኝት ሲባል ሌላ ምን ሊሆን ነው? ተማሪዎቼ ግልጽ የሆነውን ሲደግሙ ማርክ እቀንሳለሁ።

የመጨረሻው፦ «ጓድ ደበበ በቅኝት ረገድ በቂ ዕውቀት ያለው፣ በመሣሪያ አያያዙም የተመሰገነ መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ሊቀመንበሩ ሳያነብ ፈረመ። ማኅተም ተመታ፤ ከፋይሉ ጋር ተያያዘ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አስባለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሄደ። በቀበሌው በር ላይ ሃያ ሦስት ሆነው ተጫኑ። የሌሎቹ እናቶች ያለቅሱ ነበር። እትዬ ባፈና አላለቀሰችም፤ «የኔ ለሙዚቃ ነው» እያለች ሰው ታጽናና ነበር። ሁለት እናቶች ፊታቸውን አዞሩባት።

የእድሩ ጥሩምባ በእሷ በር ጀርባ ተሰቅሏል።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከትምህርት ቤት ስመለስ ለኪነት ቡድኑ ወረቀት ልወስድ ወደ ቀበሌው ገባሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ገና ስታየኝ ፈገግ አለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጓድ መምህር! ተማሪዎ ጥሩ ቦታ ደርሶታል። ቃኚ ቡድን።»

«ማርሽ ባንድ ማለትሽ ነው።»

«ኧረ ቃኚ ነው የሚለው። ከጦሩ ቀድመው ሄደው የጠላትን ቦታ የሚያዩት። ቅኝት ያውቃል ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የሙዚቃ ቅኝት ነው።»

«ሙዚቃ የሚል የት አለ?» ቅጂውን አውጥታ አቀበለችኝ።

ቆሜ አነበብኩት። ቅኝት። መሣሪያ። ጠመንጃም መሣሪያ ነው። አንድ ቀን ሙሉ የደከምኩበት ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ቃኚ ወታደር ምስክር ወረቀት ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አትቃወምም። ሃምሳ አለቃው የጠየቀኝን ሁለት ቃል ብጽፍ ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር።

ምልምሎቹ ረቡዕ ወደ ሰሜን ይንቀሳቀሳሉ።

ለእትዬ ባፈና አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁ።

ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ደብዳቤ አልፈርምም አለ። «በማኅተም የወጣ ነገር አይሳሳትም ጓድ። ተሳስቷል ከተባለ ያሳሳተው ሰው ይፈለጋል። ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ በእጄ ጻፍኩ፦ «ደበበ ጥሩምባ ነፊ ነው። ቅኝት ያልኩት የሙዚቃ ነው። ስህተቱ የኔ ነው።» ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ከ1967 ወዲህ ያለ ማኅተም በስሜ ብቻ የፈረምኩት ወረቀት ይህ ነው።

የምልምሎቹ ግቢ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ዘበኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነብ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለማን እንደሚሰጠው ጠየቅሁት። «ለሚመለከተው» አለኝ።

ደበበን በሽቦው አሻግሬ አየሁት። ጸጉሩ ተላጭቷል፤ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ! ቃኚ ነህ አሉኝ እኮ። እኔ በዕድሜዬ ከትዝታ ሌላ ምን ቃኝቼ አውቃለሁ?» ይስቅ ነበር።

ማን እንደጻፈው ነገርኩት። ቃል በቃል፤ የሰረዝኩትን ቃል ጨምሬ። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ጥሩምባ ነፊ ማለት አፍረውበት ነው?»

«አዎ» አልኩት። ሌላ መልስ ነበረኝ፤ ትክክል ግን አልነበረም።

በጣቱ ሽቦው ላይ አምስት መስመር ቆጠረ። ከዚያ፦ «ደብዳቤ ይከፍታሉ ይላሉ። እኔ የቁንጫውን ሰልፍ እልክልዎታለሁ። ባንድ ከገባሁ ሰባቱንም እጽፋለሁ። ካልገባሁ አምስቷን፣ የቤቴን። ለእማ ግን አምስት ከሆነ እንዳይነግሯት።»

ፊሽካ ተነፋ። ሄደ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

መጣ። ከሰሜን የተመለሰ የጭነት መኪና ሾፌር ለእትዬ ባፈና ሰጥቷት፣ እሷ ወደ እኔ ይዛው ሮጠች። የሲጋራ ፓኮ ተገልብጦ፣ በእርሳስ አምስት መስመር ተሰምሮበታል፤ መስመሮቹ ጠመዋል። ከዚያ በቀር አንድ ፊደል የለበትም።

ቆጠርኩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ።

ስድስት።

ጀርባውን አየሁ። ጠርዙን አየሁ፤ አልተቀደደም። ለሌላ አንድ ድምፅ የሚበቃ ቦታ ባዶውን አለ።

«ምን ይላል?» አለች።

«ደህና ነኝ ይላል።»

«እሱንማ በፊደል ይጽፈው ነበር። እስቲ በዜማው በልልኝ።»

ድምፄ ጥሩ አይደለም። ቢሆንም ከታች ጀምሬ አዜምኩላት፤ ላ ላይ ቆምኩ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

«አላለቀም እኮ» አለች።

ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ። ስድስት በውላችን ውስጥ የለም። ፋ አለች። አምስቱን ሊጽፍ ቢያስብ ፋን አይጠራትም ነበር፤ እሷ የዚያ ቤት አይደለችም። እንግዲያው ሰባት ሊጽፍ ጀምሯል። ከዚያ ወይ እየጻፈ ሳለ አንድ ሰው ጠርቶት ተነሥቷል። ወይም ላ ላይ ሲደርስ ቤቱ የደረሰ መስሎት ቆሟል። የረቡዕን መዝገብ አውጥቼ አየሁ፦ ከሃያው ሙከራ ሲን ያስታወሳት አራት ጊዜ ብቻ ነበር። አሥራ ስድስት ጊዜ ረስቷታል። አሥራ ስድስቱንም ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪዬ ተሳስቶ በሆነ ብዬ ስመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።